በጉም ውስጥ ወሬ የማይጠይቅ ሰው

ማሃድ የውሃ ቦቴውን ይዞ ወደ ጋራዣችን ሲመጣ ገና ከበር አውቀዋለሁ። ከተራራው የሚወርድ ከባድ መኪና ሁሉ በዓረብ አገር ባሕር ዳር ያለችው ሰላላ ከተማችን ሲደርስ የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሽታ ተከትሎት ነው የሚገባው፤ የማሃድ ቦቴ የሚሸተው እርጥብ አፈርና ላም ነው። የመጀመሪያ ቀን ጎማውን ፈትቼ ሸራውን ሳየው ውፍረቱ እንደ አዲስ ነበር።

«መቼ ነው ያስቀየርከው?» አልኩት።

«እኔ እንጃ። ቆይቷል።»

«ታዲያ ቁልቁለቱን በምንድነው የምትወርደው?»

«በማርሽ ነዋ! ፍሬን የምይዘው መቆም ስፈልግ ነው።»

ፍሬን መጠገን ሥራዬ ስለሆነ ይህን ነገር ማስረዳት ከጀመርኩ ማቆም ያቅተኛል፤ ታገሱኝ። ቁልቁለት የሚወርድ መኪና የራሱ ክብደት ይገፋዋል። የሆነ ነገር ይዞ ሊያስቀረው ይገባል። ሹፌሩ ከላይ እስከ ታች እግሩን ፍሬን ላይ ጭኖ ከወረደ ሸራው ሲፋተግ ይግላል፤ በጣም ሲግል ደግሞ መያዙን ይተዋል። ፔዳሉ ከእግር ሥር አለ፣ ይረገጣል፣ መኪናው ግን አይሰማም። ገና ጫፉ ላይ ሆኖ ትንሽ ማርሽ ያስገባ ሹፌር ግን ሞተሩ ራሱ ጎማውን ይይዝለታል፣ ፍሬኑም ቀዝቅዞ ይጠብቀዋል። ማርሹ መግባት ያለበት መውረድ ከመጀመሩ በፊት ነው፤ መኪናው አንዴ ከፈጠነ በኋላ እንቢ ሊል ይችላል። ማሃድ ይህን በትምህርት ቤት አልተማረውም አልልም፤ መንጃ ፈቃድ ሲያወጣ ሁላችንም የተማርነውን ነው የተማረው። የሚደንቀኝ ነገር ቢኖር የተማረውን በየቀኑ ማድረጉ ነው።

ማሃድ ሰፊ ትከሻ ያለው፣ ጢሙ መሸበት የጀመረ፣ ሲስቅ ድምፅ የማያወጣ ሰው ነው። ሥራው በተራራው ላይ ለተበተኑት የከብት አርቢ ሰፈሮች ውሃ ማድረስ ነው። ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም መግቢያ፣ ኸሪፍ የምንለው ወቅት ሲገባ፣ ከባሕሩ የሚነሳው ጉም ተራራውን ይለብሰዋል። ካፊያው አያቋርጥም። ለወራት ደርቆ የከረመው አስፋልት ላይ የተከማቸው ዘይት፣ አቧራና እበት በካፊያው ሲርስ ሳሙና ይሆናል። ዶፍ ቢሆን አጥቦ ይወስደው ነበር፤ ካፊያ ግን ማራስ እንጂ ማጠብ አያውቅበትም። ላሞቹ ደግሞ ከጭቃውና ከዝንቡ ሸሽተው የሚተኙት አስፋልቱ ላይ ነው።

በዚህ ወቅት ከየበረሃው ከተማ አረንጓዴ ሊያዩ የሚመጡ እንግዶች መንገዱን ይሞሉታል። በሕይወታቸው ጉም ነድተው አያውቁም። አልታይ ሲላቸው ረጅሙን መብራት ያበራሉ፤ መብራቱ ጉሙ ላይ ተንጸባርቆ ዓይናቸው ላይ ይመለስና ነጭ ግድግዳ ይሆንባቸዋል። ከዚያ አራቱን ፍሬቻ እያበሩ ይነዳሉ። ሁሉም እያበራ ሲሄድ የቆመው የቱ፣ የሚሄደው የቱ እንደሆነ ማን ይለያል? ከፊት ያለው መኪና የኋላ መብራት እንዳይጠፋባቸው ተጠግተው ይከተላሉ። የፊተኛው ሲቆም የሚቆሙበት ቦታ የላቸውም።

የተራራው ሰው በእንግዶቹ ይስቃል። ማሃድ አይስቅም።

«የነሱን ጥፋት ማንም ያየዋል» አለኝ አንድ ቀን፣ ዘይቱን እየቀየርኩለት። «የኛን ግን እኛም አናየውም።»

«የናንተ ደግሞ ምንድነው?»

«ወሬ።»

እዚህ አገር የኖረ ሰው ምን ማለቱ እንደሆነ ይገባዋል። ሁለት የሚተዋወቁ ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ መኪናቸውን መስኮት ለመስኮት ገጥመው ይቆማሉ። ታናሹ ይጠይቃል፦ «ምን ወሬ አለ?» ታላቁ «ደህና ነው፣ ክፉ ወሬ የለም» ይላል። «ከየት መጡ?» «ከላይ።» «ላይ ምን አዩ?» እንዲህ እያለ ዝናቡ የት እንደጣለ፣ የማን ላም እንደወለደች፣ ማን እንደታመመ፣ ማን ከሆስፒታል እንደወጣ አንድ በአንድ ይነገራል። ከዚያ ተራው ይገለበጥና የታናሹ ወሬ ይጠየቃል። ወሬውን ሳይጨርሱ መለያየት ነውር ነው። ሽማግሌን ወሬ ሳይጠይቁ ማለፍ ደግሞ ሰውየውን እንደሌለ መቁጠር ነው። ግመል እየተጎተተ ይኬድ በነበረበት ዘመን የጀመረ ልማድ ነው፤ ሰውን ከሰው ጋር ያስተሳሰረ መልካም ልማድ። ጠራራ ፀሐይ ላይ ማንንም አይጎዳም፤ ከኋላ የመጣው ያያቸዋል፣ ይጠብቃል ወይም ዞሮ ያልፋል። ጉም ውስጥ፣ ኩርባ ላይ ግን ሁለት የቆሙ መኪኖች አስፋልቱን ሙሉ በሙሉ የዘጋ ግንብ ናቸው።

ማሃድ ይህን ያየው በዓይኑ ነው። ትልቁ የሾላ ዛፍ ያለበት ኩርባ ላይ ሁለት የአጎትና የአክስት ልጆች ቆመው ወሬ ሲጠያየቁ፣ ከኋላ የመጣ የእንግዳ መኪና ገጫቸው። እሱን ደግሞ ሌላ ገጨው። ማሃድ ከላይ በትንሽ ማርሽ እየወረደ ስለነበር ቀይ መብራት ሲያይ የሚቆምበት ቦታ ነበረው። ቆመ። አራቱን ፍሬቻ አበራ። ከዚያ ያደረገውን ብዙ ሰው አያደርገውም፦ ወደ ተጎዱት ከመሮጡ በፊት ወደ ኋላ፣ ወደ ዳገቱ ሮጠ፤ የራስ ሻሹን ፈትቶ እያውለበለበ የሚመጡትን መኪኖች ሁሉ ሩቅ ላይ አስቆመ። ቀጣዩ መኪና ቢደርስ የሚገጨው የተጎዱትንም ሊያነሱ የጎነበሱትንም ነውና። ማንም አልሞተም፤ ከሁለቱ ዘመዳሞች አንዱ ግን እስከ ዛሬ በምርኩዝ ነው የሚሄደው።

ከዚያ ቀን በኋላ ማሃድ ጉም ውስጥ አስፋልት ላይ ለማንም ወሬ ላለመቆም ወሰነ። ከኩርባው ትንሽ ከፍ ብሎ ከመንገዱ ዳር አንድ ሰፊ ቦታ አለ። የሚያውቀው ሰው ሲያጋጥመው ክላክስ ነክቶ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ «ሰፊው ቦታ ላይ!» ብሎ ጮኾ ያልፋል። እዚያ ሄዶ ይጠብቃል። ወጣቶቹ አፌዙበት።

«ማሃድ ሚኒስትር ሆነ! በቀጠሮ ነው የሚያነጋግረው!»

«ጸሐፊው የታለች?»

እሱም ድምፅ በሌለው ሳቁ ይስቅና እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ያልፋል። ጥቂቶቹ ተከትለውት መምጣት ጀመሩ። ሽማግሌዎቹ ግን ቅር አላቸው፤ ከሁሉም በላይ አጎት ሱሄል።

አጎት ሱሄል የላይኛው ሰፈር ታላቅ ሰው ናቸው። በዚያ ዓመት የማሃድ አንድ ልጅ ሰዒድና የሱሄል የልጅ ልጅ ሚዝና ሊጋቡ ቃል ተሰጣጥተው ነበር፤ ኒካው፣ የጋብቻ ውሉ፣ ጉሙ ሲገፈፍ ሊታሰር። ሰዒድ ቤቱን ቀለም መቀባት ጀምሯል። እናቱ ጡፉል የምትለብሰውን መርጣለች።

አንድ ጠዋት ማሃድ ሙሉ ቦቴ ይዞ ሲወጣ ሱሄል ከላይ እየወረዱ ነበር። የቦቴውን ድምፅ ያውቁታልና ነጯን ፒካፓቸውን እዚያው ሾላው ኩርባ ላይ አቁመው፣ መስኮቱን ዝቅ አድርገው፣ ክንዳቸውን አውጥተው ጠበቁ። ማሃድ በዝግታ ቀረበ። ክላክስ ነካ።

«አጎቴ ሱሄል! እዚህ አይቁሙ፣ መኪና ይገጭዎታል! ዞረው ወደ ሰፊው ቦታ ይምጡ፣ እጠብቅዎታለሁ!»

አለፈ። ሰፊው ቦታ ላይ ቆሞ በቴርሞስ የያዘው ሻይ እስኪቀዘቅዝ ጠበቀ። ሱሄል አልመጡም።

ከሰዓት በኋላ የሱሄል ልጅ አሜር ማሃድ ቤት ድረስ መጣ፤ አልቀመጥም ብሎ በር ላይ ቆሞ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ «አባቴ ‹ወሬዬን ያልወሰደ ሰው ልጄን አይወስድም› ብለዋል» አለ። ሄደ።

ሰዒድ የያዘውን የቀለም ብሩሽ አስቀመጠ።

«አንድ ጊዜ ብትቆምላቸው ምን ነበረበት?» አለች ጡፉል። «አንድ ጊዜ! ሽማግሌ ናቸው፣ ወሬያቸው አጭር ነው።»

«የሱሄል ወሬ አጭር ነው?»

«እሺ፣ ረጅም ነው። ግን የልጅህ ትዳር ነው!»

«የሰውየውም ሕይወት ነው፣ ጡፉል። እሳቸውን ከኋላ ቢገጯቸው ሚዝና ከየት ነው የምትዳረው? ከሐዘን ቤት ነው?»

«እና ምን ልታደርግ ነው?»

«ሄጄ ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

በልማዱ መሠረት ሦስት ሽማግሌዎች ይዞ ወጣ። መንገድ ላይ ሽማግሌዎቹ ነገሩን ቀላል አድርገው አስረዱት፦ ይቅርታ ትላለህ፣ ሁለተኛ አይለምደኝም ትላለህ፣ ሩዙ ይቀርባል፣ ይበላል፣ አለቀ። ማሃድ የመጀመሪያውን አለ። ሱሄል ፊት ተቀምጦ፣ ራሱን ዝቅ አድርጎ፣ «አጎቴ፣ ልብዎን አስቀይሜአለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ» አለ። ሱሄል ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ያዩት ነበር።

«ቀጥል» አለው አንደኛው ሽማግሌ በሹክሹክታ። «አይለምደኝም በል።»

«እሱን አልልም።»

«ምን?»

«አጎቴ፣ ልዋሽዎት አልመጣሁም። ነገም ጉም ውስጥ ባገኝዎት አስፋልት ላይ አልቆምም።»

ቤቱ ተናወጠ። አንዱ ሽማግሌ ሻሹን አውልቆ ወለል ላይ ወረወረ። «ለዚህ ነው ተራራ ያስወጣኸን?»

ሱሄል እጃቸውን አንስተው ዝም አሰኙ። «ታዲያ አንተ ለምን መጣህ?»

«ፊት ለፊት እንዲቆጡኝ። ደግሞም አንድ ነገር ልለምንዎት። ነገ ጠዋት ስወርድ ጋቢናዬ ውስጥ ይቀመጡልኝ።»

«እኔ ይህን ቁልቁለት ጭነት በጫነ ግመል ስወርድ አንተ አልተወለድክም!»

«ለዚህ እኮ ነው የምለምንዎት። የጫነ ነገር ቁልቁለት ሲወርድ እንዴት እንደሆነ ከእርስዎ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ተሳስቼ ከሆነ መንገዱ ላይ ያሳዩኝ።»

ሱሄል ጢማቸውን አሻሹ። ሩዝ አልቀረበም። ግን «ጠዋት ና» አሉት።

የተከተለውን ማሃድም ነግሮኛል፣ አሜርም በሌላ ቀን ነግሮኛል፤ የሁለቱም ቃል አንድ ነው።

ጠዋት ማሃድ ለላይኛው ሰፈር ውሃ ካወረደ በኋላ ቦቴው ውስጥ ግማሽ ያህል ተረፈ። መሄድ ትቶ ቧንቧውን ወደ ላሞቹ ገንዳ አዞረ።

«ለምን ታፈሰዋለህ? ይዘኸው አትወርድም?» አሉ ሱሄል።

«ግማሽ ሆኖ አልወርድም፣ አጎቴ። ወይ ሙሉ፣ ወይ ባዶ። ግማሽ ሲሆን ውሃው የሚንቀሳቀስበት ቦታ ያገኛል። እኔ ፍሬን ስይዝ መኪናው ይቆማል፣ ውሃው ግን አይቆምም፤ ከኋላ መጥቶ ይገፋኛል።»

ሱሄል ገንዳውን እያዩ ራሳቸውን ነቀነቁ። «አቁማዳም እንዲሁ ነው። ግማሽ የሞላ አቁማዳ የጫነች ግመል ቁልቁለት ላይ ትንገዳገዳለች። ወይ እንሞላው ነበር ወይ አጥብቀን እናስረው ነበር።»

«ይኸው!» አለ ማሃድ፣ ደስ ብሎት።

ጋቢና ሲገቡ ቀበቶውን አሰረላቸው።

«ምንድነው፣ ታሰርኩ?»

«እንዳይጠፉብኝ ነው።»

ጫፉ ላይ ቆመ። ትንሽ ማርሽ አስገባ። ራዲዮ አጠፋ፣ ስልኩን ዘግቶ ኪሱ ውስጥ ከተተ፣ መስኮቶቹን ዝቅ አደረገ፤ ዓይን በማያይበት ጆሮ ይሰማልና። አጭሩን መብራት አበራ። ከዚያ ቦቴው ሞተሩ እያጉረመረመ ጉሙ ውስጥ ገባ።

«እኔ በእግሬ እቀድምሃለሁ» አሉ ሱሄል ከጥቂት ጊዜ በኋላ።

«ያንን ምሰሶ ያዩታል?»

«የቱን? አሁን ታየኝ። አሁን አለፍነው።»

«የማየው እስከዚያ ድረስ ብቻ ነው። ስለዚህ እዚያች ርቀት ውስጥ መቆም በምችልበት ፍጥነት ነው የምነዳው። ጉሙ ሲቀርብ እኔም እቀንሳለሁ።»

ልብ በሉ፣ ጥበቡ ሁሉ ይቺ ናት! መንገዱ ላይ የተጻፈው የፍጥነት ወሰን ለጠራ ቀን ነው። ጉም ውስጥ ወሰኑን የሚያስቀምጠው የዓይን ርቀት ነው፤ እርጥብ አስፋልት ደግሞ መቆሚያውን ስለሚያስረዝም ከዚያም ላይ ይቀነሳል።

አንድ የእንግዳ መኪና ከኋላ ክላክሱን እያስጮኸ መጣና በኩርባው ቀደማቸው። ማሃድ አልተሳደበም፤ ይልቁንም ፍጥነቱን ቀንሶ አራቀው። ከታች የጎማ ጩኸት ተሰማ። ከዚያ ዝም አለ።

ማሃድ ያን ጊዜ ፍሬን ያዘ፤ ቀዝቃዛው ፍሬን ወዲያው ያዘለት። ቦቴው ሲቆም ከፊታቸው ጉሙ ሳሳ። ነጭ ነገር በነጭ ውስጥ ታየ። ሁለት ፒካፖች መስኮት ለመስኮት ገጥመው ቆመዋል። እርጥቡ አስፋልት ላይ የቀደማቸው መኪና ዳር ይዞ የተንሸራተተበት ጥቁር መስመር አጠገባቸው አልፏል፤ መኪናው ለጥቂት ስቷቸው ሄዷል። ከአንደኛው መስኮት የወጣውን ክንድ ሱሄል አወቁት። የአሜር ነው።

«ጌታዬ!» አሉ ሱሄል።

ማሃድ አራቱን ፍሬቻ አብርቶ ወርዶ ነበር። ከላይ ሌላ ሞተር ሰምቷል። ሻሹን እየፈታ ወደ ዳገቱ ሮጠ።

አሜር የቦቴውን ጋቢና ቀና ብሎ አየ። አባቱን ሲያይ ደነገጠ፤ ግን ልማድ ልማድ ነውና እጁን ደረቱ ላይ አደረገ።

«አባቴ! ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ምን ወሬ አለ? ከየት—»

«መኪና እየመጣብህ ነው ወሬው! ንዳ!»

«አቤት?»

«ንዳ ብዬሃለሁ! አንተም ንዳ! ሁለታችሁም፣ ከዚህ ጥፉ!» ሱሄል በመስኮቱ ተንጠራርተው በዱላቸው የቦቴውን በር ይደበድቡ ነበር። ቀበቶው ያዛቸው እንጂ ሊወርዱ ነበር። «ስትሞት ነው ወሬ የምትጠይቀኝ?»

ሁለቱ ፒካፖች ተለያይተው ሄዱ። ከላይ የመጣው መኪና የማሃድን ሻሽ አይቶ ሩቅ ላይ ቆመ፤ ውስጡ ሕፃናት ነበሩ። ማሃድ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አመሰገናቸው፣ ተመልሶ ገባ፣ ማርሹን አስገባ። የተገጨ ሰው ስላልነበረ የዚያን ቀን ነገር በሰፈሩ ብዙም አልተወራም።

ሜዳው ላይ ወርደው፣ ከጉሙ ወጥተው ባሕሩ ሲታይ ሱሄል ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ያ ሰፊ ቦታ የምትለው፣ ድንጋይ የሞላበት አይደለም?»

«ነው። ለዚህም ነው ሰው መግባት የማይወደው፤ ጎማ ይበላል።»

«ነገ አሜር ያነሳዋል። ያ ጓደኛውም አብሮ ያነሳል። ወጣቱ ሁሉ ያነሳል። ከዚያ በኋላ የኔን ወሬ የሚፈልግ እዚያ ይምጣ፤ አስፋልት ላይ የሚጠይቀኝን በዱላ ነው የምመልሰው።»

ማሃድ አመሰገነ። ስለ ልጆቹ ጉዳይ ግን አፉን አልከፈተም፤ ያኔ የልመና ሰዓት እንዳልሆነ ያውቃል። ሱሄል በጎን ያዩት ነበር።

«ሰዒድ እንዴት ነው የሚነዳው?»

«እንደኔ ነው።»

«እንዳንተ ቀስ ብሎ?»

«ከኔም ይብሳል፣ አጎቴ።»

ሱሄል ቀበቶውን ለመፍታት ቁልፉን ሲፈልጉ ቆዩ፤ አልፈታ ሲላቸው ተዉት።

«እንግዲያው የሠርጉ ቀን በማለዳ ይነሳ» አሉ። «ሚዝና መጠበቅ አትወድም።»